ጀርባው ብዥ ያለ የምርቃት ፎቶ በኪስ ካሜራ፦ ከሐዋሳ አንድ የጉዳይ ጥናት

የአክስቴ ልጅ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ አክስቴ የፈለገችው አንድ ነገር ነው። ሳሎን የሚሰቀል፣ 30 በ40 የሚታጠብ ፎቶ። እሱም ዝም ብሎ ፎቶ አይደለም። ጎረቤት ቤት አይታ የጎመጀችው ዓይነት ነው። ልጅቷ ጥርት ብላ ትታያለች፤ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ብዥ ብሎ ቀለም ብቻ ይሆናል። «እንደዚያ ካልሆነ ግድግዳዬን አላበላሽም» ብላ ቁርጡን ተናገረች።

ቤት ያለው ካሜራ ደግሞ አንድ ነው። ካኖን ፓወርሾት ኤስኤክስ720 ኤችኤስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ዙሙ ግን 40 እጥፍ የሚደርስ ካሜራ ነው። ውጭ አገር ያለው አጎት የላከው ነው። ግቢ ውስጥ ከሚዞሩት ፎቶ አንሺዎች ለአንዱ ከፍሎ መገላገል ይቻል ነበር። ግን አጎትየው ካሜራ ልኮ፣ ፎቶው በሌላ ሰው ካሜራ ተነሳ ቢባል ቅያሜው አይጣል ነው። ስለዚህ ሥራው ታናሽ ወንድሟ ላይ ወደቀ። እኔ የተጠራሁት የመጀመሪያው ዙር ፎቶ ታይቶ አክስቴ ፊቷን ካጨማደደች በኋላ ነው።

ስልክስ? ይህን ሁሉም ይጠይቃል። ስልክ ላይ ያለው ፖርትሬት ሞድ በአንድ ንክኪ ጀርባውን ያደበዝዛል። ግን ሥራውን በዋናነት የሚሠራው ሌንሱ አይደለም፤ ሶፍትዌር ነው። ሰውየው የቱ ጋ ያበቃል፣ ጀርባው የቱ ጋ ይጀምራል የሚለውን ይገምትና ከዚያ ውጭ ያለውን ያደበዝዛል። ልጅቷ ደግሞ አፍሮዋን ለቃ ነው የተመረቀችው። ስልኩ የፀጉሯን ዳር በመቀስ የተከረከመ አስመሰለው። ከኮፍያዋ የሚንጠለጠለውን ዘርፍ ግማሹን በልቶታል። ስልኩ ላይ ሲታይ ችግር የለውም፤ ለቴሌግራም ያምራል። 30 በ40 ሲታጠብ ግን ያ የተከረከመ ፀጉር ዓይን ይወጋል። እዚያ ላይ ክርክሩ አበቃ።

የመጀመሪያው ዙር የተነሳው ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ነው። ጠዋት፣ የዓሣ ገበያው በደራበት ሰዓት። ቦታው ለዓይን ደስ ይላል። ጀልባ አለ፣ መረብ አለ፣ ቆሮሶ የሚበልቱ ልጆች አሉ፣ የሚጣለውን ሆድ ዕቃ የሚጠባበቁ አባ ኮዳ የሚባሉ ትላልቅ ወፎች አሉ። ችግሩ ይህ ሁሉ ፎቶው ውስጥ መግባቱ ነው። በተለይ አንዱ አባ ኮዳ ከትከሻዋ ጀርባ ቆሞ፣ ራሰ በራ አናቱና አንገቱ ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ የሚችል ወፍ ስለሆነ አብሯት የተመረቀ ይመስላል። አክስቴ ፎቶውን አየችና «ይሄ ደግሞ ማነው?» አለች።

ሌላም ቅሬታ ነበራት። «አፍንጫዋን ምን አደረጋችሁት?» ልጅቷ የእናቷን አፍንጫ ነው የወሰደችው፤ ትንሽ ነው። ፎቶው ላይ ግን ገኖ ወጥቷል።

ያነሳው ልጁ፣ ማለትም ወንድሟ፣ ላይ መፍረድ አይቻልም። የተባለውን ነው ያደረገው። ጀርባ ብዥ እንዲል ከፈለግክ የኤፍ ቁጥሩን ትንሹ ላይ አድርግ፣ ወደ ሰውየው ጠጋ በል። ይህን ምክር ፎቶ የነካ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሱም የካሜራውን መዘውር ኤቪ ላይ፣ ማለትም የኤፍ ቁጥሩን ሰው ራሱ የሚመርጥበት ላይ፣ አዞረና ትንሹን ቁጥር ፈለገ። በዚህ ካሜራ ትንሹ ቁጥር 3.3 ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው ግን ዙም ምንም ሳይነካ ብቻ ነው። ዙም ሲደረግ ቁጥሩ እየወጣ ይሄድና መጨረሻው ላይ 6.9 ይደርሳል። ልጁ ዙሙን ነካ ባደረገ ቁጥር ቁጥሩ ሲያድግ ያያል፤ ደንግጦ ይመልሰዋል። ዙም ሳያደርግ ደግሞ ልጅቷን ከወገቧ በላይ ለመሙላት 60 ሴንቲ ሜትር ድረስ መጠጋት ነበረበት። ከዚያ ርቀት የማንም አፍንጫ ይገናል። ለሌንሱ ከጆሮ ይልቅ አፍንጫ በጣም ይቀርበዋል።

ምክሩ ውሸት አይደለም። የተነገረው ግን ሌንሱ ለሚቀያየር ትልቅ ካሜራ ነው። የኤፍ ቁጥር ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት አይደለም። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት (ዙም ሲደረግ የሚያድገው ልኬት) በቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ነው። አንድ ሌንስ ይዘህ ዙም ካልነካህ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ምክሩም ልክ ይሆናል። ዙም ሲነካ ግን ሁለቱም አብረው ይለዋወጣሉ።

ሒሳቡን ከልጁ ጋር ወረቀት ላይ ሠራነው። የዚህ ካሜራ ሴንሰር፣ ምስሉ የሚያርፍበት ቺፕ፣ በቁመት 4.6 በጎን 6.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከትንሽ ጣት ጥፍር ያንሳል። ስለዚህ ሰፊ ዕይታ ለማግኘት የትኩረት ርዝመቱ 4.3 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆን ነበረበት። 4.3 ለ3.3 ሲካፈል 1.3 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ልጁ «ክፍት ነው» ያለው ቀዳዳ ይሄ ነው። ዙሙ ጥግ ሲደርስ ደግሞ የትኩረት ርዝመቱ 172 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 172 ለ6.9 ሲካፈል ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ አደገ፤ ቀዳዳው ግን 19 እጥፍ ሰፋ። ልጁ ካልኩሌተሩን ደግሞ ነካካው። ለካ ሲሸሸው የነበረው ነገር ነው የሚፈልገውን የያዘው።

ለማነጻጸር ያህል፣ የግቢው ፎቶ አንሺዎች የሚወዱት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ሲከፈት ቀዳዳው ወደ 28 ሚሊ ሜትር ነው። ይህቺ የኪስ ካሜራ በሙሉ ዙም 25 ናት። ብዙ አይራራቁም።

«ታዲያ ለምን እንደነሱ አያወጣም?» አለኝ ልጁ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልሱ ርቀት ውስጥ ነው ያለው።

የድብዝዛውን መጠን ለመገመት የሚጠቅም አንድ ስሌት አለ። ከሰውየው እስከ ጀርባው ያለውን ርቀት፣ ከካሜራው እስከ ጀርባው ላለው ርቀት ታካፍላለህ። ውጤቱን በቀዳዳው ስፋት ታባዛለህ። የምታገኘው ቁጥር ጀርባው ላይ ያለች አንዲት ነጥብ፣ በሰውየው ፊት ላይ ቢለካ ምን ያህል ስፋት ያለው ክብ ሆና እንደምትዘረጋ ይነግርሃል። ነጥቧ 1 ሚሊ ሜትር ላይ ከቀረች ጀርባው ያው ጀርባ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ከደረሰች ቅጠል ቅጠልነቱን ያጣል። 20 ከደረሰች ወፍም ጀልባም ቀለም ብቻ ይሆናል።

አሁን አሞራ ገደል ላይ የተነሳውን እንየው። ቀዳዳው 1.3 ነው። ጀርባው የፈለገውን ያህል ቢርቅ ክቡ ከ1.3 አያልፍም። ፎቶው 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የሰውነት ክፍል ይዞ ወረቀቱ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቢታጠብ፣ ያ ክብ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ድብዝዛ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። አባ ኮዳው ቁልጭ ማለቱ አይገርምም።

ትልቁ ካሜራስ? ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ያንኑ 90 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት 2 ሜትር አካባቢ ይቆማል። ጀርባው 5 ሜትር ብቻ ቢርቅ እንኳ ክቡ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የኪስ ካሜራዋ ግን በሙሉ ዙም ያንኑ ለመያዝ 25 ሜትር ወደ ኋላ መሄድ አለባት። ጀርባው አሁንም 5 ሜትር ከሆነ፣ 5 ለ30 ሲካፈል አንድ ስድስተኛ ነው። ከ25 ሚሊ ሜትሩ የሚተርፈው 4 ብቻ። ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። ቀዳዳው አለ፤ ርቀቱ ግን ይበላዋል።

ጀርባውን 60 ሜትር ብናርቀውስ? 60 ለ85 ሲካፈል፣ በ25 ሲባዛ፣ 17 ከምናምን ሚሊ ሜትር ይሆናል። ትልቁ ካሜራ በ5 ሜትር ከሚያወጣው ብዙም አያንስም። እንግዲህ የልጁ ችግር የካሜራ አልነበረም፤ የሜዳ ነበር። ቦታ ሲገኝ ካሜራዋ ትችላለች።

ቦታ ደግሞ ሐዋሳ ላይ ሞልቷል። አክስቴ መጀመሪያ ያሰበችው ሐይቁን ራሱን ነበር። ልጅቷ ለውኃው ጀርባዋን ሰጥታ ትቁም፣ ከኋላዋ ማዶ ድረስ ባዶ ነው። በስሌቱ ከሄድክ ከዚህ የተሻለ የለም። ፎቶ ላይ ግን ሐይቅ ብዙ አያስደስትም። ውኃውም ሰማዩም መጀመሪያውኑ ወጥ ነው። ወጥ የሆነ ነገር ቢደበዝዝም ባይደበዝዝም ልዩነቱ አይታይም። ሰው «ጀርባው ብዥ ብሏል» የሚለው፣ ብዥ ከማለቱ በፊት ዝርዝር የነበረው ነገር ሲደበዝዝ ነው። ቅጠል፣ በቅጠል መሃል የምትሾልክ ብርሃን፣ የአምፖል ረድፍ። ሌላው ችግር ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ መሆኑ ነው። አመሻሽ ላይ ለውኃው ጀርባ መስጠት ማለት ለፀሐይ ጀርባ መስጠት ነው። ፊቷ ይጠቁራል። የካሜራዋ ፍላሽ ደግሞ ከሩቅ አይደርስም።

ስለዚህ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሄድን፣ ግን ፊታችንን ወደ ውኃው አላደረግንም። በዳርቻው ርዝመት ነው ያየነው። የእግረኛ መንገዱ ረዘም ብሎ ይዘረጋል፤ ጫፉ ላይ ትላልቅ ዋርካዎች አሉ። ልጅቷ መንገዱ መሃል ቆመች። ዋርካዎቹ ከእሷ 60 ሜትር ይርቃሉ ብለን ገመትን፤ ልጁ በእርምጃ ለካው። እኛ ደግሞ ከእሷ ወደ ኋላ አፈገፈግን። ፀሐይዋ ከጎን ሆነች።

25 ሜትር ድረስ ግን አልሄድንም። በወረቀት ላይ ሙሉ ዙም ያሸንፋል። መሬት ላይ ሌላ ነው። ወሩ ሰኔ ነው፣ ደመና መጣ ሄደት ይላል። ኤፍ 6.9 ብርሃን ይነፍጋል። ሙሉ ዙም ላይ ካሜራዋ ትንፋሽህን ሳይቀር ትቆጥራለች፤ ምስሉ ስክሪኑ ላይ ይዋልላል። የሞቀ አስፋልት ላይ አየሩ ራሱ ይርገበገባል፣ ፊቱም አብሮ ይርገበገባል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሰው ነው። በ25 ሜትር መሃል ባለ ብስክሌት ያልፋል፣ ፍቅረኛሞች ያልፋሉ፣ የተጠበሰ በቆሎ የያዘ ልጅ ቆሞ «እኔንም አንሱኝ» ይላል።

የመረጥነው መካከለኛውን ነው። የትኩረት ርዝመቱ 72 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ ላይ የኤፍ ቁጥሩ 6 ገደማ ስለሚሆን ቀዳዳው ወደ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ርቀታችን 10 ሜትር ሆነ። ጀርባው 60 ሜትር ስለነበረ ክቡ 10 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የታጠበው ፎቶ ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ። ዋርካው ዋርካ መሆኑ ይታወቃል፣ ቅጠሎቹ ግን የሉም። በእኔ ግምት ለግድግዳ ፎቶ ይህ ከሙሉ ድብዝዛ ይሻላል። ሐዋሳ መሆኑ መታወቅ አለበት። ጀርባው ጨርሶ ከጠፋማ ስቱዲዮ ውስጥ መጋረጃ ፊት ብትቆም ምን ልዩነት አለው?

ካሜራው ላይ የተነካካው ብዙ አይደለም። ኤቪ ላይ፣ የሚፈቅደው ትንሹ የኤፍ ቁጥር። አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራዋ ለብርሃን ያላት ስሜት፣ 400። የመዝጊያው ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ በታች እንዳይወርድ ዓይናችን እዚያ ነበር፤ ሲወርድ አይኤስኦውን 800 እናደርገዋለን። ከዚያ በላይ ትንሿ ሴንሰር ፊት ላይ አሸዋ መበተን ትጀምራለች። ዲጂታል ዙም ጠፋ። እሱ ምስሉን ቆርጦ ከማተለቅ በቀር ለቀዳዳው የሚጨምረው ነገር የለም። ትራይፖድ አልነበረንም። ልጁ ካሜራውን የመንገዱ ዳር ግንብ ላይ በተጣጠፈ ሹራብ አስደግፎ፣ በሁለት ሰከንድ ታይመር አነሳ። ጣት ቁልፉን ሲጫን የሚመጣው መንቀጥቀጥ በዚያው ቀረ።

ከ10 ሜትር «ፈገግ በይ» ማለት ራሱ ሥራ ነው። ሲጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል፣ እሷ ትሸማቀቃለች፣ ፈገግታው ይሞታል። መላው የመጣው ከራሷ ነው። ወንድሟ ስልክ ደወለላት፤ ኢርፎኑን አፍሮዋ ውስጥ ደበቀችው። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ እያወራ አነሳት። ምን እንዳላት አላውቅም፣ ጥሩዎቹ ሳቆች ግን የመጡት ያኔ ነው። አፍሮው ለስልኩ ካሜራ ጠላት ነበር፤ እዚህ ላይ አገለገለን።

ያልተጠበቀ ትርፍም ነበር። ከጎናችን ያለ ቁጥቋጦ አንድ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ነበር። ልጁ ካሜራውን ቅጠሉ ሥር ሲያስጠጋው ቅጠሉ ሌንሱ አፍ ላይ ሆኖ የፎቶው ጥግ ላይ አረንጓዴ ጭስ መስሎ ወጣ። የፊቱም የኋላውም ሲደበዝዝ መሃል ያለችው ልጅ ይበልጥ ጠራች። ያ ፎቶ ነው በኋላ የተመረጠው።

አፍንጫዋም ወደ ቦታው ተመለሰ። ከ10 ሜትር ሲታይ በአፍንጫና በጆሮ መካከል ያለው ርቀት ከምንም አይቆጠርም፤ ሁሉም በልኩ ይወጣል። አክስቴ የመጀመሪያ ቃሏ ስለ ጀርባው አልነበረም። «ይቺማ ልጄ ናት» ነው ያለችው።

ለማጠቢያም ካሜራዋ አንድ ምቾት አላት። ምስሏ 4 ለ3 ነው። 30 በ40 ወረቀት ላይ ሳይቆረጥ ልክክ ይላል። የትልቁ ካሜራ ምስል 3 ለ2 ስለሆነ ለዚህ ወረቀት ጫፉ መቆረጥ ነበረበት። ጥራቱም በ20 ሜጋ ፒክስል ለዚህ መጠን በቂ ነው።

ያልተሳካውም ይነገር። አክስቴ ጋዋኑ እስከ ጫማው ድረስ እንዲታይ ፈልጋ ነበር። ሙሉ ቁመት ለመያዝ ያው ዙም ላይ ሆነህ እጥፍ ርቀት መሄድ ይኖርብሃል። ክቡ ከሰውየው ጋር ሲነጻጸር ያንሳል፤ ድብዝዛው በዓይን ግማሽ ይሆናል። አነሳን፣ ደህና ፎቶ ነው፣ ግን የተመኘችው ዓይነት አይደለም። የቤተሰቡ ፎቶ ላይ ደግሞ ጭራሽ አልሞከርንም። ሰው በበዛ ቁጥር ክፈፉ ይሰፋል፣ ድብዝዛው ይሸሻል። አያቷን፣ አክስቴን፣ ልጆቹን ዋርካው ሥር አስጠግተን ሁሉንም አጥርተን አነሳናቸው። ለቤተሰብ ፎቶ ይሄ ይበቃል ባይ ነኝ።

ማታ ድግሱ ላይ ልጁ ሳሎን ውስጥ ሊደግመው ሞከረ። ሳሎኑ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 6 ሜትር ቢሆን ነው። እህቱ ቆማ፣ እሱ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከኋላዋ የቀረው አንድ ሜትር ከምናምን። አልሆነም፣ ሊሆንም አይችልም። ቤት ውስጥ ይህቺ ካሜራ ፍላሽ ከፍቶ ዳቦ ሲቆረስ ለማንሳት እንጂ ጀርባ ለማደብዘዝ አትመችም።

ለልጁ ከዚያ ወዲያ የቀረው ጥያቄ አንድ ነበር፤ የተሻለ የኪስ ካሜራ ቢገዛ ቤት ውስጥ ይሳካለት ይሆን? ባለ አንድ ኢንች ሴንሰር የሚባሉት አሉ። የሶኒ አርኤክስ100 ሦስተኛው ሞዴል ለምሳሌ፣ ዙሙ ጥግ ላይ 25.7 ሚሊ ሜትር በኤፍ 2.8 ነው። ቀዳዳው ወደ 9 ሚሊ ሜትር። ያንን 90 ሴንቲ ሜትር ለመያዝ የሚርቀው ከ2 ሜትር በታች ስለሆነ፣ ጀርባው 5 ሜትር ሲሆን ክቡ 7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በጠባብ ቦታ ከእሱ ካሜራ ይበልጣል። ፍቅር ሐይቅ ላይ ግን 9ኙን ሙሉ ቢያገኝ እንኳ ከእኛ 10 በታች ነው። ልጁ ዋጋውን ጠየቀ፣ ሰማ፣ «እንግዲህ ውጭ ውጭውን እናነሳለን» አለ።